ቃጫው ለመንገደኛ

የማንጎን ነገር ለአቃቂ ሰው ማስረዳት ድካም ነው። አቃቂ ላይ ማንጎ ማንጎ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ይበላል፣ ካልሆነ እስኪሆን ይጠበቃል፣ በቃ። ኤረር ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ይህ አነጋገር ከስድብ አይተናነስም። ጠጄ ደግሞ የኤረር ልጅ ናት። ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ገና ሳይደክመው የሚቆምባት፣ ብርቱካኑና ማንጎው እስከ ሃዲዱ ዳር የሚወርድባት ኤረር። በእናቷ በአስካለች ጓሮ ሁለት የማንጎ ዛፎች ነበሩ፤ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

አንደኛው ቅቤው ይባላል። ትልቅ ነው፣ አንዱ ብቻውን እጅ ይሞላል። ልጣጩ ተልጦ በቢላ ተቆራርጦ ሰሐን ላይ ይቀርባል፤ ጥርስ ውስጥ አንዲት ክር አይተውም። ለቄሱም፣ ለጣቢያው ሹምም፣ ለአማችም የሚቀርበው እሱ ነው። ሌላኛው ቃጫው ነው። ትንሽ፣ በስሎም ጉንጩ አረንጓዴ የሚል፣ ውስጡ ክር በክር። ቃጫው በቢላ አይነካም፤ በመዳፍ ታሽቶ ታሽቶ ጫፉ ይነከስና ይመጠጣል፤ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ጥርስ ሲጎረጉሩ መዋል ነው። ጣፋጭነቱን ማንም አይክደውም። ግን ማን ነው ክቡር እንግዳ ፊት እንዲህ የሚሆን?

ጠጄ ልጅ ሳለች ቅርጫት በሚዘጋጅበት ሰዓት እጇን ወደ ቃጫው ስትሰድ እናቷ «ተይው፣ እሱ ለመንገደኛ ነው» ትላት ነበር። ልጅቷም በልጅ አእምሮዋ ነገሩን እንዲህ ተረዳችው፦ ደህናው ለቤተሰብና ለክቡር እንግዳ፣ ተራው ላላፊ አግዳሚ። ማንም አላረማትም፤ እሷም አልጠየቀች።

በ1948 ዓ.ም. ቀናው የሚባል የሃዲድ ጠጋኝ ኤረር ጣቢያ ስድስት ወር ሠርቶ ወደ አቃቂ ሲዛወር ጠጄን ይዟት ሄደ። ይዟት ማለቱ እንኳ ለወሬ ያህል ነው፤ በገዛ ፈቃዷ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ነው የወጣችው። አስካለች መቶ እግር ብርቱካን ላለው ጎረቤት ልትድራት ቃል ሰጥታ ነበር። ባቡሩ ሲነቃነቅ እናቷ ጣቢያው ደረሰች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ በመስኮቱ ትይዩ ትንሽ ተራመደችና «ከዛሬ ጀምሮ መንገደኛ ነሽ» አለቻት። ይችን ብቻ። ባቡሩ ፈጠነና ሌላ ቃል ካለ ሳይሰማ ቀረ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ጀቤሳ የሚባለው የባቡሩ ትኬት ቆራጭ አቃቂ ጣቢያ ላይ አንድ ቅርጫት አወረደላት። «ከእናትሽ ነው» አላት። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ፣ «እንደምን አለች» እንኳ የለ። ጠጄ ክዳኑን ገለጠችው። እስከ አፉ ቃጫ ነበር።

እዚያው ሰው በሚተላለፍበት ተቀምጣ አለቀሰች። በዓመቱ ያው ቃጫ መጣ። በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ቁርጥ አስካለችን ስለሆነች መሰለች አለቻትና «የልጅ ልጅሽ አንቺን መሰለች በላት» ብላ በጀቤሳ ላከችላት። ይኼኔስ ልቧ ይራራል ብላ ጠበቀች። በግንቦት ከአንድ ቅርጫት ወደ ሁለት ከፍ አለ፤ ሁለቱም ቃጫ። ጠጄ ያን ዓመት ስድቡ በእጥፍ የመጣ ያህል ነው የተሰማት። ለልጄም ጭምር ማለቷ ነው፣ ልጄም መንገደኛ ናት ማለቷ ነው፣ እያለች ለባሏ ስትነግረው ቀናው፣ ደግ ሰው ቢሆንም ቃል አያውቅምና፣ «እንግዲህ ማንጎ ማንጎ ነው» አላት። ለሦስት ቀን አላነጋገረችውም።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ግንቦት አለፈ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ጠጄ ስትናፍቅ የነበረው ቅቤውን አይደለም። አንድ ቅቤ ማንጎ ብቻ፣ ከቅርጫቱ ሥር ተደብቆም ቢሆን፣ ብታገኝ እናቷ «ነይ» እንዳለቻት ቆጥራ በማግሥቱ ለመሳፈር ቆርጣ ነበር። ከአቃቂ ኤረር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሊቶሪናው፣ ፈጣኑ ባቡር፣ በደጇ በኩል ሲያልፍ መስኮቶቹን ትቆጥራለች፤ በሐሳቧ ከአንዱ መስኮት ሥር ራሷን አስቀምጣ ዱከምን፣ ሞጆን፣ አዋሽን ታልፋለች፤ ኤረር ጣቢያ ስትደርስ ግን ከመውረዷ በፊት ያ ቃል ይመጣባታል። መንገደኛ ሆና እናቷ ደጅ መቆም አልቻለችም። ኩራቷ ከማን እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም።

ቃጫውን ትበላው ነበር ወይ? ትበላው ነበር፣ ከዚያም በላይ። ልጇንም ሥራውን አስተምራታለች፤ ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው እጃቸው እስከ ክርናቸው እየረጠበ ይመጥጡታል። ተመጥጦ የቀረውን ፍሬ ግን በብስጭት ከአጥር ወዲያ ትወረውረዋለች።

ያንን የተወረወረ ፍሬ የሚለቅም አንድ ሰው ነበር። ጋሼ ሮሪሳ ጠጄ በፈታይነት በምትሠራበት የጥጥ ፋብሪካ የቦይለር እሳት ጠባቂ ናቸው። ቀደም ሲል ወንጂ ላይ፣ ቀድሞ ጃቫ በሚባል አገር ከኖረ አንድ ሆላንዳዊ አትክልተኛ ጋር ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዛፍ ካልተከሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ሆኑ። ፋብሪካው ሲቀጥራቸው ያዩት ቦይለሩን ሳይሆን ከቦይለሩ ቤት ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሌሊትና ቀን ይሞቃል፤ የእንፋሎቱ ውሃም ለብ ብሎ በሥሩ ይወርዳል። «ይኼ ቆላ ነው» አሉ አሉ፣ «አቃቂ መሀል ሦስት ክንድ ቆላ አገኘሁ።»

ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው ሰው ሁሉ የእሳቸውን ንግግር በቃሉ አወቀ። ጓሮው ላይ ምን ልትከል ያላቸው ሰው ምሳውን ሳይበላ ይመለሳል። ዘይቱን ትከል፣ ይላሉ፤ አቃቂን አይጠላም፣ ወፍ ብቻ ጠብቅ። ካዝሚር ትከል፤ ካዝሚር ደጋውን አገሬ ብሎ የተቀመጠ ዛፍ ነው፣ ብቻ ብዙ አትብላ፣ ሥራህ ላይ ያስተኛሃል። ፓፓያ ይቆምልሃል፣ ያፈራልሃልም፣ ስትቀምሰው ግን ዱባ ዱባ ይልሃል። ሙዙ ቅጠሉን ይሰጥሃል፣ ፍሬ ጠይቀኸው እንዳትጣላ። ግሽጣ አኩራፊ ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ አንድ ጊዜ ከነካው ቅጠሉን አራግፎ እስከ ፋሲካ አያናግርህም። ማንጎ? ማንጎን ግድግዳ ከሌለህ ተወው።

አንድ ቀን ጠጄን በፋብሪካው በር ላይ አስቁመዋት ነበር። «ጠጄ፣ ያንቺ ማንጎ የእናት ነው የአባት?» አሏት።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ጋሼ ሮሪሳ?»

«አንዱን ፍሬ ብተክለው ሦስት ሆኖ በቀለ። ይኼ ዓይነቱን አውቀዋለሁ...»

«እርስዎ ይወቁት» አለቻቸው ሳቅ እያለች፤ «እኔስ የሦስት ልጅ ልብስ የሚያጥብ እጅ የለኝም።» ጡሩምባው ጮኸ፣ ወደ መፍተያው ገባች፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

በ1958 ግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቅርጫቱ መጣ። ጠጄ እንደ ልማዷ ጣቢያው ሄዳ ነበር። ጀቤሳ አወረደላትና ዘወር አለ። በየዓመቱ ሁለት ማንጎ ትሰጠዋለች፤ ዛሬ «ይቅር፣ ጥርሴን አሞኛል» አላት። ዓይኗን አላያትም። እሷ ይህን የምታስተውልበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም፣ ምክንያቱም ክዳኑን ገልጣ ነበር።

ቅቤው ነው። ከላይ ቅቤው፣ እጇን ሰድዳ ፈተሸች፣ ከሥርም ቅቤው። አንድም ቃጫ የለበትም። ወርቅማ፣ ደልደል ያለ፣ እያንዳንዱ በሣር ተጠቅልሎ።

ጠጄ ጣቢያው ላይ እልል አለች። ቅርጫቱን ተሸክማ መንገዱን እየሮጠች ነው የመጣችው። ባለሱቋን ሰኪናን ከበሯ ጠራቻት። «ሰኪና! እናቴ ታረቀችኝ!»

«ምን ብላ ላከች?» አለች ሰኪና፣ የስልጤዋ ጎረቤቷ፣ የዘጠኙን ዓመት ታሪክ ከነዝርዝሩ የምታውቀው።

«ይኼው! አታይም? ቅቤ ነው! ቤተሰብ ነሽ ማለቷ ነው። ከመንገደኝነት አወጣችኝ!»

ሰኪና አንዱን አገላብጣ አየችና «ወላሂ፣ ይኼስ ያስታርቃል» አለች። ያን ቀን ከጠጄ እጅ ማንጎ ያልቀመሰ ጎረቤት የለም። በቢላ እየቆረጠች፣ በሰሐን እያደረገች፣ ልክ እናቷ ለጣቢያው ሹም እንደምታደርገው አቀረበች። መሰለች ትልቁን ድርሻ ወሰደችና «እማ፣ ያኛው ይሻላል፣ ይኼ አይመጠጥም» አለቻት፤ ጠጄ ስቃ ሳመቻት። በሰኔ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቃ ልጇን ይዛ ኤረር ልትወርድ አሰበች፤ ለእናቷ የምትወስደውን ነጠላ እንኳ በልቧ መረጠች።

ቀናው ከሥራ ገብቶ ሰሐኑ ቀረበለት። አንድ ቁራሽ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ብላ እንጂ» አለችው። «በኋላ» አለና ወጣ። ጓሮ ቆሞ ብዙ ቆየ። ምን ያድርግ? ጀቤሳ ባቡሩ ሳይነቃነቅ ነግሮት ነበር፤ መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ በሽማግሌ እንጂ በጣቢያ ወይም በማዕድ ላይ አይነገርም። ደጉ ሰው ሚስቱ ስትስቅ ማየቱ አቃተው እንጂ ሥርዓቱን አልጣሰም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች መጡ። ፊት ለፊት ጋሼ ሮሪሳ ነበሩ። ጠጄ በሩን ከፍታ ነጭ የለበሱትን ሰዎች ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት፤ እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሌላ ወሬ የለም።

ሁለት ቀን አለቀሰች። ደረቷን እየመታች የምትለው ግን አንድ ነገር ነበር፦ «ታርቃኝ ነው የሞተችው! እናቴ ታርቃኝ ነው የሄደችው!» ያጽናናት ይኼው ነው። ሬሳዋን ባላይ፣ አፈር ባላለብሳት፣ ይቅርታዋ ግን እጄ ገብቷል። ከቅቤው አንዲት ቀርታ ነበረች፤ ትራሷ አጠገብ አስቀምጣት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ሳህሌ ከጀቤሳ ጋር ከኤረር መጣ። ተቃቅፈው ተላቅሰው ሲያበቁ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ። ስትተወው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ጢም አውጥቷል።

«ቅርጫቱን በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ነው ያዘጋጀችው?» አለችው።

«ቅርጫቱን? እኔ ነኝ እንጂ እታለም። እሷ ካረፈች አሥራ አምስት ቀን ሆኗት ነበር። ግንቦት ሲደርስ ልማዷ ነው፣ አይቋረጥ ብዬ ከመርዶው ጋር ላክሁ።»

ጠጄ ወደ እሱ ዞረች። «ቅቤውን...»

«ቅቤውንም እኔው መረጥሁት። ያንን ቃጫ ለእህቴ መላክ ያሳፍረኝ ነበር። እማዬን ስንቴ ተለማመጥኋት፣ ‹እባክሽ ደህናውን እንላክላት›። አሻፈረኝ። ‹ቃጫውን ነው የምልከው› አለች እስከ መጨረሻው።»

እንግዲህ ይህን ያለው አጽናናኋት ብሎ ነው። ጠጄ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እስከ መጨረሻው፣ አለ። እስከ መጨረሻው መንገደኛ ነበረች።

ጀቤሳ ከማዶ ተቀምጦ ነበር። እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ሟችን የሚያነሣ ወሬ ፈለገ። «ኩራተኛ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር» አለ። «ሰላምታ አትልክ፣ ደህና ናት ወይ አትል። ከአቃቂ ስመለስ ግን አንዲት ጥያቄ ነበረቻት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችኑ። ‹ጸደቀላት ወይ?› ትለኛለች።»

«ምኑ?» አለች ጠጄ ከነጠላዋ ሥር።

«ትዳሩ ነዋ! ‹አዎ፣ ጸድቆላታል› እላታለሁ። ‹ተመስገን› ትልና ትገባለች።»

ጋሼ ሮሪሳ ይህን ሲሰሙ በርጩማቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። «ስለ ትዳር እንዲህ አይጠየቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ የተክል ጥያቄ ነው። ሳህሌ፣ ያ ቃጫችሁ ከየት የመጣ ዛፍ ነው?»

«አያታችን ከሐረር ስትሰደድ ፍሬውን በመቀነቷ ቋጥራ ነው ያመጣችው አሉ። ለዚህ ነው እማዬ ‹ቃጫው ለመንገደኛ ነው› የምትለው። ለሚሄድ ሰው ነው፣ በሄደበት እንዲተክለው። ቅቤው ከተተከለ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም፣ እናቱን አይመስልም ትላለች። ቃጫው ግን...» ሳህሌ አቋረጠ። «እታለም፣ ይህን አታውቂም ነበር?»

ጠጄ ነጠላውን ከፊቷ አነሣች። ዓይኗ ወንድሟን እያየ ነበር፣ ያየችው ግን የኤረርን ጣቢያ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ በመስኮቱ ትይዩ የምትራመደውን ሴትዮ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ትከይው» ስትባል «ጥፊ» የተባለች መስሏት ኖራለች። የዘጠኝ ዓመት ፍሬ ከአጥር ወዲያ ወርውራለች።

«ነገ አብሬህ እወርዳለሁ» አለች። «ከዛፉ ሥር ፍሬ አላጣም።»

ሳህሌ አንገቱን ደፋ። «ዛፉ የለም። ለቀብሩ ሰው ብዙ ነበር፣ ማገዶ አለቀ። ቅቤው ከሚቆረጥ ብዬ ቃጫውን...» አልጨረሰውም። ጠጄም አልጮኸችበትም። ልጅ ነው፤ እሱም የተነገረውን እንደ እሷ ሳይገባው ያደገ ነው።

ጋሼ ሮሪሳ ተነሡና ክንዷን ያዙ። «ነይ» አሏት። ለቅሶ ቤት ትቶ መውጣት ነውር ቢሆንም ማንም አልከለከላቸው። መሰለች የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተከተለች። የባቡር ሃዲዱን ተሻገሩ፣ በፋብሪካው ጎን ባለው የሠራተኛ መግቢያ ገቡ፣ ከቦይለሩ ቤት ጀርባ ዞሩ።

ግድግዳው ይሞቃል። በግድግዳው ሥር፣ ከዘይቱኑና ከካዝሚሩ ወዲያ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ያለፈ አንድ ማንጎ ቆሟል። አንድ አይደለም፤ ከአንድ ቦታ የወጣ ሦስት ግንድ ነው፣ ሁለቱ ወፈር ያሉ፣ አንዱ ቀጭን።

«ካንቺ አጥር ሥር ከለቀምኋቸው ይኼኛው ጸደቀ» አሉ። «ሌላውን ውርጩ በላው። ቀጭኑን ታያለሽ? እሱ እንደ ማንኛውም ልጅ ከእናትና ካባት የተወለደ ነው፣ ማንን እንደሚመስል አይታወቅም። እነዚህ ሁለቱ ግን አባት የላቸውም። ሆላንዱ እንዳስተማረኝ ልጅ አይባሉም፣ ራሷ እናቲቱ ናቸው። ያኔ በበር ላይ ልነግርሽ የነበረው ይኼንን ነው።» መሰለችን አዩና ፈገግ አሉ። «ለዚህች ዛፍ ስም አውጣላት ብባል እኔም መሰለች ነበር የምላት። ሐሰት አልናገርም ጠጄ፣ እዚህ አገር ታፈራለች ብዬ ቃል አልሰጥሽም። አንዷን ነቅዬ በጆንያ አፈር ላድርግልሽና ለአርባዋ ኤረር ይዘሻት ውረጂ፤ እዚያ ታፈራለች። አንዷ እዚህ ትቅር።»

ጠጄ ወደ ዛፉ ተጠጋች። አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ በመዳፏ አሸችው፣ ታሽቶ ታሽቶ እንደሚመጠጠው ፍሬ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የእናቷ ጓሮ ነው። የእናቷ እጅ ነው፣ በግንቦት፣ ቅርጫት ስታዘጋጅ ውላ ማታ ፀጉሯን ስትሠራት የሚሸተው። ቅጠሉን ለልጇ አሸተተቻትና ግንዱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከግድግዳው ሙቀት የተነሣ ግንዱም ይሞቅ ነበር።

«ይቺ መቼ ነው የበቀለችው ጋሼ ሮሪሳ?» አለች።

«አምስት ዓመቷ ነው።»

ጠጄ ከግድግዳው ፊት ለፊት ያለውን የእግር መንገድ አየችው፤ ጠዋት ስትገባ፣ ማታ ስትወጣ የምትሄድበትን። በግድግዳውና በመንገዱ መካከል የሽቦ አጥር ብቻ ነው ያለው።

«አምስት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «በየቀኑ በአጠገቧ አልፌያለሁ ማለት ነው። እንደምን አደርሽ እንኳ ሳልላት።»